ለቤት ኮምፒውተር የሚሆነውን ፋይል ሲስተም ስለ መምረጥ



ኮምፒውተር ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ዋጋው ነው። ጽሑፉና ፎቶግራፉ በዲስኩ ላይ በምን ሥርዓት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በዊንዶውስ የሚሠራ ሰው ባይጠይቅም አይፈረድበትም፤ ምርጫው አስቀድሞ ተመርጦለት ያገኘዋልና። ሊኑክስን በኮምፒውተሩ ላይ የሚጭን ሰው ግን በሥራው መካከል አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም ዲስኩ በየትኛው ፋይል ሲስተም ይሰናዳ የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ነገሩ ሳይገባው «ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ ያልፈዋል። እኔ ዘንድሮ ለመጽሔታችን የማቀርበው ጥናት ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለቤታችን ቀላል አልነበረም። እናቴ በአራዳ ትንሽ ሱቅ ስላላት፣ የደንበኞቿን ዱቤ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር አዛውራለች። በሌላ በኩል ደግሞ አያቴ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በፈረሱ ጊዜ ከዶሮ ማነቂያ ሲነሡ፣ ከዕቃቸው ሁሉ አስቀድመው ያወጡት ሁለት የፎቶግራፍ አልበም ነበር። በእነዚያ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ደጃፍ፣ በረንዳና ጠባብ መንገድ ዛሬ በቦታው የለም። ፎቶግራፎቹም ጠርዛቸው እየተላጠ ስለ ሄደ፣ በስካነር እያነሡ ወደ ኮምፒውተር የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ስለዚህ የሱቁ ሒሳብና የአያቴ ሠፈር በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አብረው ሊቀመጡ ሆነ። ሥራውን ስጀምር እናቴ «ለመሆኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ሒሳቤ አብሮ ይጠፋል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቴ ደግሞ «ሒሳቡስ ይጻፋል፤ ፎቶግራፉን እንዳታጠፉብኝ» አሉ።

ለሁለቱም መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ፋይል ሲስተም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሃርድ ዲስክ በራሱ ፋይል የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው በተራ ቁጥር የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎችን ብቻ ነው። «በ7,204ኛው ክፍል ያለውን አምጣ» ቢሉት ያመጣል፤ «ይህን በ7,205ኛው ላይ ጻፍ» ቢሉት ይጽፋል። «የእናቴን የዱቤ መዝገብ አምጣ» ቢሉት ግን ምንም አይገባውም። የፋይሉን ስም፣ ባለቤቱን፣ የተጻፈበትን ቀን፣ በየትኞቹም ክፍሎች ተበትኖ እንደ ተቀመጠ የሚያውቀው ፋይል ሲስተሙ ነው።

ነገሩ የመሥሪያ ቤትን መዝገብ ቤት ይመስላል። በመዝገብ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያውም ላይ ብዙ ፋይል ተደርድሯል። ነገር ግን የእያንዳንዱን ፋይል ቁጥርና ቦታ የሚያመለክት ካርድ ከሌለ፣ መደርደሪያው እስከ ጣራው ቢሞላም ባለጉዳዩ «ፋይልህ ጠፍቷል» መባሉ አይቀርም። በሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች እንዲህ ያለው ካርድ አይኖድ ይባላል። በካርዱ ላይ የፋይሉ መጠን፣ ባለቤቱ፣ ቀኑና የሚገኝባቸው ክፍሎች ቁጥር ይጻፋል። ስሙ ግን በካርዱ ላይ አይጻፍም፤ የሚገኘው በፎልደሩ ዝርዝር ውስጥ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ፋይል ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሰው የክርስትና ስምና የቤት ስም እንደሚኖረው ማለት ነው።

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። በመጀመሪያ የተጠቀመበት ፋይል ሲስተም ለማስተማሪያ ከተሠራው ከሚኒክስ የተወሰደ ነበር። ያ ፋይል ሲስተም ከ64 ሜጋ ባይት በላይ የሆነ ዲስክ ማስተዳደር አይችልም፤ የፋይል ስምም ከ14 ፊደል ማለፍ አይችልም ነበር። የዚህን ጥበት ለመገንዘብ የአያቴን አንድ ፎቶግራፍ እንውሰድ። ስፋቱ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ እንዲነሣ ሲደረግ በአንዱ ጎን 2,362፣ በሌላው ጎን 3,543 ነጥብ ይሆናል። ሁለቱ ሲባዙ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ሲጻፍለት 3 ባይት ይፈጃል፤ ስለዚህ አንዱ ፎቶግራፍ ሳይታመቅ 25 ሚሊዮን ባይት ያህል ይመጣል። በዚያ በመጀመሪያው ፋይል ሲስተም ላይ ከአልበሙ ሁለት ፎቶግራፍ አስቀምጠን ሦስተኛውን መልሰን ወደ መሳቢያ በከተትነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 ሬሚ ካርድ የተባለ ሰው ኤክስት የተባለውን ሠራ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1993 ኤክስት 2 ተተካ። ኤክስት 3 በ2001፣ ኤክስት 4 በ2008 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገቡ። ዛሬም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኡቡንቱ ሌላ ካላዘዙት በቀር ዲስኩን የሚያሰናዳው በኤክስት 4 ነው።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ እመለሳለሁ። መብራት ድንገት መጥፋቱ በዲስክ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው በምን ምክንያት ነው?

አንድ ፋይል ሲጻፍ ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን ራሱን በባዶ ክፍሎች ላይ ይጽፋል፤ እነዚያ ክፍሎች ከእንግዲህ ባዶ አለመሆናቸውን በሌላ ቦታ ያመለክታል፤ ካርዱን ያስተካክላል፤ ስሙንም በፎልደሩ ዝርዝር ያስገባል። ከእነዚህ ሁለቱ ተጽፈው ሁለቱ ሳይጻፉ መብራት ቢጠፋ፣ መዝገቡና መደርደሪያው አይስማሙም። ክፍሉ ተይዞ ሳለ መዝገቡ ባዶ ነው ይላል፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ፋይል እዚያው ላይ ይጻፍበታል፤ ሁለት ፋይል አንዱን ክፍል የእኔ ነው ይላሉ። ኤክስት 2 ይህን የሚከላከልበት መንገድ አልነበረውም። ኮምፒውተሩ መብራት ጠፍቶበት እንደገና ሲነሣ ዲስኩን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መመርመር ይኖርበታል፤ ዲስኩ ሰፊ ሲሆን ምርመራው ሰውን ቡና አፍልቶ ያስጠጣል።

የነጋዴ ልጅ የሆነ ሁሉ መፍትሔውን ከቤቱ ያውቀዋል። ገበያው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመንም ሆነ ጣሊያኖች ወደ መርካቶ ካዛወሩት በኋላ፣ ጠንቃቃ ነጋዴ የዕለቱን ነገር በቅድሚያ በዕለት መዝገብ ላይ በአጭሩ ይጽፋል፤ ወደ ዋናው መዝገብ የሚያዛውረው ፋታ ሲያገኝ ነው። በማዛወሩ መካከል ሰው ቢጠራው ወይም ፋኖሱ ቢጠፋበት የሚሰጋበት ነገር የለም። ተመልሶ የዕለት መዝገቡን ያያል፤ ሙሉ ሆኖ የተጻፈውን ያዛውራል፤ ግማሽ ሆኖ የቀረውን መስመር ይሰርዘዋል። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን መዝገብ ጆርናል ይሉታል። በኤክስት 3 የገባውና በኤክስት 4 የቀጠለው ነገርም ስሙ ራሱ ጆርናል ነው። ፋይል ሲስተሙ በካርዶቹና በዝርዝሮቹ ላይ ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ በቅድሚያ በጆርናሉ ላይ ይጽፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጠቅላላ ዲስኩን በመመርመር ፈንታ ጆርናሉን ብቻ አንብቦ በአፍታ ይጨርሳል።

ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኤክስት 4 ሌላ ካልታዘዘ በቀር በጆርናሉ ላይ የሚጽፈው የካርዱንና የዝርዝሩን ለውጥ እንጂ የጽሑፉን ቃል አይደለም። ጆርናሉም የሚዘጋው በየ5 ሴኮንዱ ነው፤ ጽሑፉን ራሱን ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፣ እስከ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ በሜሞሪ ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። ስለዚህ ጆርናሉ የሚጠብቀው የመዝገብ ቤቱን ሥርዓት ነው። በመጨረሻው ደቂቃ የተጻፈው ጽሑፍ ግን፣ ፕሮግራሙ «አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አድርስ» ብሎ ካላዘዘ፣ ሊቀር ይችላል።

ይህን በቃል ብቻ ከማምን በዓይኔ ለማየት ፈለግሁ። ባትሪ የሌለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ምንም የማያስፈልግ ዲስክ አገኘሁ። ዲስኩን መጀመሪያ በኤክስት 2፣ ቀጥሎ በኤክስት 4 አሰናድቼ፣ የፎቶግራፎቹን ቅጂ ወደ እሱ እየገለበጥሁ ሳለ ሶኬቱን እነቅል ነበር፤ በእያንዳንዱ ፋይል ሲስተም ስድስት ስድስት ጊዜ አደረግሁት። (ማንም የሚወደው ነገር ባለበት ዲስክ ላይ ይህን እንዳይሞክር አሳስባለሁ፤ በመሽከርከር ላይ ያለ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለ አያያዝ አይወድም።) በኤክስት 2 ጊዜ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ረጅም ምርመራ ውስጥ ይገባ ነበር። ከምርመራውም በኋላ ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮች «የጠፋና የተገኘ» ማለት በሆነው ፎልደር ውስጥ ስም ሳይኖራቸው በቁጥር ብቻ ተከማችተው አገኘሁ። በኤክስት 4 ጊዜ ግን ወዲያው ተነሣ። ቀደም ብለው ተገልብጠው ያለቁት ፎቶግራፎች ሁሉ ደኅና ነበሩ፤ ሶኬቱ ሲነቀል በመገልበጥ ላይ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ብቻ ወይ ጎድለው፣ ወይ ስማቸው ኖሮ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ተገኙ።

ለእናቴም «ያለፈው ወር ሒሳብሽ መብራት ስለ ጠፋ አይጠፋም፤ አሁን እየጻፍሽው ያለውን ግን ሴቭ ሳታደርጊ አትቆዪ» ብዬ መለስሁላት። አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛቱም ማንኛውም ፋይል ሲስተም ሊሰጥ የማይችለውን አምስት ደቂቃ እንደሚሰጣት ነገርኋት። ዋጋውን ስትሰማ ግን ለጊዜው ሴቭ ማድረጉን መረጠች።

የአያቴ ነገር ከዚህ የከበደ ሆኖ አገኘሁት። የሱቅ ሒሳብ በየቀኑ የሚታይ ነገር ስለ ሆነ ቢበላሽ ቶሎ ይታወቃል። ፎቶግራፍ ግን ተቀምጦ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ አንድ ሠርግ ወይም ተዝካር እስኪመጣ ድረስ የሚከፍተው የለም። በዚህ መካከል ዲስኩ ቀስ በቀስ ቢያረጅ፣ ገመዱ ቢላላ ወይም የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ቢታመም፣ ከተጻፈው መካከል አንዲት ነጥብ ልትለወጥ ትችላለች። ዲስኮች የራሳቸው የስሕተት ማረሚያ ስላላቸው ይህ በየቀኑ የሚደርስ ነገር አይደለም። ሆኖም በደረሰ ጊዜ ድምፅ ስለማያሰማ ከመብራት መጥፋት ይልቅ እኔን ያሠጋኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ሙከራ አደረግሁ፤ ከጥናቴ ሁሉ ብዙ ያስተማረኝም ይህ ነው። የእናቴን የዓመት ዱቤ በተራ ጽሑፍ መልክ ገልብጬ፣ ለሙከራ በተሠራ ትንሽ ኤክስት 4 ላይ አስቀመጥሁት። ከዚያ ፋይል ሲስተሙን ዘግቼ፣ ዲስኩን እንደ ተራ የቁጥር ሰልፍ በሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቼ፣ አንዲት ቢት ብቻ ለወጥሁ። በኮምፒውተር ውስጥ «1» የሚለው አኃዝ 00110001 ተብሎ ይጻፋል፤ «9» ደግሞ 00111001 ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ልዩነታቸው አንዲት ቢት ናት። ፋይሉን እንደገና በከፈትሁት ጊዜ የ1,200 ብር ዱቤ የነበረባቸው ደንበኛ 9,200 ብር ሆኖባቸው ቆየኝ። ኤክስት 4 ምንም አላለም። ቢመረመርም «ደኅና ነው» አለ፤ ካርዱም፣ ዝርዝሩም፣ የክፍሉም ቁጥር ትክክል ነውና። የሚጠብቀው መደርደሪያውን ነው፤ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን አንብቦ አያውቅም።

ያንኑ ጽሑፍ ቢቲአርኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ አስቀምጬ ያችኑ ቢት ለወጥሁ። በዚህ ጊዜ ፋይሉን ለመክፈት ስሞክር ማንበብ አልተቻለም የሚል መልስ ሰጥቶ አልከፍትም አለ።

ምክንያቱን ለመረዳት እናቴ በየወሩ መጨረሻ የምታደርገውን ማየት ይበቃል። የወሩን ዱቤ ደምራ ድምሩን ብቻ በሌላ ደብተር ትጽፋለች። በኋላ እንደገና ስትደምር ሁለቱ ካልተስማሙ፣ የትኛው መስመር እንደ ተበላሸ ባታውቅም አንድ ነገር እንደ ተበላሸ ታውቃለች። ቢቲአርኤፍኤስም እያንዳንዱን የ4,096 ባይት ክፍል ሲጽፍ ከውስጡ አንድ አጭር የማረጋገጫ ቁጥር አስልቶ በሌላ ቦታ ይጽፋል፤ ባነበበ ቁጥርም እንደገና አስልቶ ያስተያያል።

ይህን ለእናቴ ባሳየኋት ጊዜ «ታዲያ አልሰጥም ካለኝ ምን ጠቀመኝ? የተሳሳተውን ሰጥቶኝ እኔ አርመው የለም ወይ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። አንድ ዲስክ ብቻ ላለው ሰው ቢቲአርኤፍኤስ የተበላሸውን ፎቶግራፍ አያድንለትም፤ መበላሸቱን ብቻ ይነግረዋል። ሁለት ዲስክ አጣምሮ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ላደረገ ሰው ግን ደኅነኛውን ከሁለተኛው ወስዶ የተበላሸውን ራሱ ይጠግናል። ያም ባይሆን መንገሩ ብቻውን ትልቅ ነገር ይመስለኛል። ሳይነገረኝ ቢቀር፣ የተበላሸውን ፎቶግራፍ እንደ ደኅና ቆጥሬ በመጠባበቂያው ቅጂ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደኅነኛው በየትም አይገኝም። ባለመታመቁ ምክንያት ትልቅ የሆነው ፎቶግራፍ አንዲት ነጥብ ብትበላሽበት ዓይን ላያስተውላት ይችላል፤ በጄፔግ የታመቀው ግን አንዲት ቢት ስትሳሳት ከእሷ በታች ያለው የምስሉ ክፍል ሊዛባ ይችላል። የአያቴ ሰዎች ከወገባቸው በታች ሌላ ቀለም ሆነው እንዲገኙ አልፈልግም።

ስለ ቢቲአርኤፍኤስ ሌላም የሚነገር አለ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 በክሪስ ሜሰን ሲሆን ወደ ከርነሉ የገባው በ2009 ነው። ፌዶራ የተባለው ሊኑክስ ከ2020 ጀምሮ ለግል ኮምፒውተር ቀዳሚ ምርጫው አድርጎታል። አሠራሩ ከጆርናሉ የተለየ ነው። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ቃል ሲሳሳት ፍቆ በቦታው ይጽፋል። ቢቲአርኤፍኤስ ግን አይፍቅም፤ የተለወጠውን ገጽ በአዲስ ቅጠል ላይ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ማውጫው ወደ አዲሱ ቅጠል እንዲያመለክት ያደርጋል። መብራት በመካከል ቢጠፋ ማውጫው አሁንም ወደ አሮጌው ያመለክታል፤ አሮጌውም አልተነካም። አሮጌው ቅጠል ሳይጣል እንዲቆይ በማዘዝም የትናንቱን ሁኔታ በትንሽ ቦታ ማቆየት ይቻላል፤ ይህም ስናፕሾት ይባላል። ነገር ግን ስናፕሾቱ የሚገኘው በዚያው ዲስክ ላይ ስለ ሆነ፣ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ኮምፒውተሩን በሙሉ በቢቲአርኤፍኤስ ላሰናዳው አሰብሁ። ከመወሰኔ በፊት ግን በፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በጠባብ ክፍል ኮምፒውተር የሚጠግኑ አንድ ሰው ዘንድ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ሊኑክስ ለሚያስጭንዎት ሁሉ ኤክስት 4 የሚያደርጉለት ስለ ምን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እኔ የምመርጠው ሲበላሽ እንዴት እንደሚጠገን የማውቀውን ነው» አሉኝ።

በመጀመሪያ መልሱ የስንፍና መሰለኝ፤ ቤቴ ሄጄ ሳነብ ግን ትልቅ ቁም ነገር ያለበት ሆኖ አገኘሁት። የኤክስት 4 መመርመሪያና መጠገኛ ከኤክስት 2 ዘመን ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ፣ በብዙ ሚሊዮን ዲስክ ላይ የተፈተነ ነው። የቢቲአርኤፍኤስ መጠገኛ ግን ዐዋቂ ሳይጠየቅ እንዳይሠራበት ሠሪዎቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ከዚህም ሌላ ፍቆ መጻፍን ስለማያውቅ፣ በየጊዜው የሚለወጥ ትልቅ ፋይል በሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ ላይ ሲቀመጥ ቁርጥራጩ እየተበታተነ ይዘገያል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሲሞላም ፋይል ለመሰረዝ እንኳ አዲስ ቅጠል ስለሚያስፈልገው ይቸገራል። የእኛ ኮምፒውተር ሜሞሪው 4 ጊጋ ባይት፣ ዲስኩም አሮጌ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሌሎቹን በአጭሩ እነካለሁ። ኤክስኤፍኤስ ሲሊኮን ግራፊክስ በተባለ ኩባንያ በ1990ዎቹ ተሠርቶ በ2001 ወደ ሊኑክስ የመጣ፣ በጣም ትላልቅ ፋይሎችን በፍጥነት የሚያስተዳድር ነው። ይሁን እንጂ ሊሰፋ እንጂ ሊጠብ አይችልም፤ ዲስኩን ነገ ከሌላ ነገር ጋር ለመካፈል የሚያስብ ሰው ይህን ይወቅ። ዜድኤፍኤስ በሰን ማይክሮሲስተምስ ተሠርቶ በ2005 ለሕዝብ የቀረበ፣ የማረጋገጫ ቁጥርን ነገር ከቢቲአርኤፍኤስ አስቀድሞ የያዘና እጅግ የተመሰገነ ነው። የፈቃዱ ሕግ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር ስለማይስማማ ግን በከርነሉ ውስጥ አይገኝም፤ ለብቻው መጨመር ያስፈልጋል። ኤፍ2ኤፍኤስ የተባለው በሳምሰንግ የተሠራው ለፍላሽ ሜሞሪ ነው።

ለረጅም ዘመን የሚቀመጥ ነገር ላለው ሰው ደግሞ የፋይል ሲስተሙ ራሱ ዕድሜ ይታሰብበታል። ራይዘርኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ከርነሉ ገብቶ ብዙዎች የወደዱት ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 በወጣው ሊኑክስ 6.13 ግን ተወግዷል። ቢካሽኤፍኤስ የተባለው አዲስ ደግሞ በጃንዋሪ 2024 በታላቅ ተስፋ ገብቶ፣ ዕድሜው ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ2025 መጨረሻ ከወጣው 6.18 ውስጥ ወጣ። ኤክስት 2 ላይ በ1993 የተጻፈ ፋይል ግን ዛሬም ይነበባል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚያገለግል አንድ ምዕራፍ በየትም ተጽፎ ስላላየሁ እዚህ ላይ ላቁም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ፋይልን በአማርኛ መሰየም የሚከለክል የለም። ነገር ግን ኤክስት 4፣ ቢቲአርኤፍኤስና ኤክስኤፍኤስ የፋይል ስም ከ255 እንዳይበልጥ ሲወስኑ የሚቆጥሩት ባይትን ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ምኒልክ» 4 ፊደል ሆኖ 12 ባይት ነው። ስለዚህ ለፈረንጅ 255 ፊደል የተፈቀደው ለእኛ 85 ነው። የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስና በፍላሽ ላይ የሚገኘው ኤክስፋት በሌላ አቆጣጠር ስለሚሠሩ 255 የእኛን ፊደል ይቀበላሉ። አያቴ ስለ አንድ ፎቶግራፍ ሲያስረዱ በእሱ ላይ ያሉትን ሰዎች ከነአባታቸው፣ ቦታውንም «ከጊዮርጊስ ወደ ሐገር ፍቅር በሚወስደው መንገድ» እያሉ ስለሚዘረዝሩ፣ 85 ፊደል ወዲያው ያልቃል። ከፍላሽ ወደ ዲስክ ሲገለበጥም ረጅም ስም ያለው ፋይል አይገለበጥም። እኔ ስሙን በአጭሩ አድርጌ ዝርዝሩን በሌላ የጽሑፍ ፋይል ጻፍሁት።

ደግሞም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ሁለቱም በአንድ ፎልደር ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። የአማርኛ መምህራችን ስለ ፊደል አጻጻፍ በክፍል የሚነግሩንን የሚደግፍ መሣሪያ እንዲህ ካለ ቦታ ይገኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

በመጨረሻ ያደረግነው እንደሚከተለው ነው። ኮምፒውተሩን፣ ከእሱም ጋር የእናቴን የዕለት ሥራ፣ በኤክስት 4 አሰናዳሁት። በመብራት መጥፋት ላይ የሚበቃ መከላከያ አለው፤ ቢታመምም ፒያሳ ሐኪም አያጣም። ፎቶግራፎቹን ግን ሁለት የውጭ ዲስክ ገዝተን በቢቲአርኤፍኤስ አሰናድቼ በሁለቱም ላይ አስቀመጥኋቸው። በየሦስት ወሩ እያንዳንዱን ዲስክ ሰክቼ ሁሉንም ክፍል ከማረጋገጫ ቁጥሩ ጋር እንዲያስተያይ አዘዋለሁ፤ አንዱ ላይ የተበላሸ ቢገኝ ደኅነኛው ከሌላው ይመጣል። የእናቴም ሒሳብ በየሳምንቱ ቅዳሜ ወደነዚሁ ዲስኮች ይገለበጣል፤ የቀድሞው ሳምንት በስናፕሾት ተይዞ ስለሚቆይ፣ ከወር ድምሯ ጋር ያልተስማማ ነገር ቢገኝ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይቻላል። ለዘመድ ፎቶግራፍ መላኪያ የሆነችውን ፍላሽ ሁሉም ኮምፒውተር እንዲያነባት በኤክስፋት አደረግሁ፤ አሮጌው ፋት 32 ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል የሠርግ ቪዲዮ አይችልም።

ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቤት አይቀመጡም። በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል ላይ እሳት ተነሥቶ ጃዝ አምባን ጨምሮ የሕንፃውን ክፍል ባቃጠለ ጊዜ የሠፈራችን ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየው ነገር ነው፤ እሳት ደግሞ ጆርናልና ማረጋገጫ ቁጥር አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛው ዲስክ ከአክስቴ ቤት ይቀመጣል።

አክስቴ በዊንዶውስ ስለሚሠሩ አንድ ችግር ቀረ። ዊንዶውስ ቢቲአርኤፍኤስን አያውቀውም፤ የማያውቀውን ዲስክ ሲሰኩበት ባዶ መስሎት «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ሊያደርጉት ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። በመሆኑም በዲስኩ ጀርባ ላይ ወረቀት ለጥፌ በቀይ ቀለም «የእማማ ፎቶግራፍ ነው። ፎርማት አድርግ ቢልዎ እንቢ ይበሉ» ብዬ ጻፍሁበት።